ጎመን በጤና እንዲሆን፦ የጓሮ አፈራችሁን እንዴት ትመረምራላችሁ፣ ምንስ ትተክሉበታላችሁ?

ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት ተከራየን። ጓሮዋ ትንሽ ናት፣ 40 ካሬ አትሞላም። ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለወረደ ሰው ግን ጋሻ መሬት ነው የምትመስለው። በሳምንቱ ዶማ ገዛሁ። የአበሻ ጎመንና ቆስጣ ተከልኩ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሰላጣ። በሁለት ወሩ ጎመኑ ጃንጥላ አከለ። ፎቶ እያነሳሁ ለዘመድ አዝማድ ላክሁ፣ ጉራዬንም ነዛሁ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ ለቡና መጡና ጓሮውን አይተው ዝም አሉ።

«አፈር አስመጥታችሁ ነው?» አሉኝ ቆይተው።

«አይ እማማ፣ የነበረው ነው።»

«ውይ ልጄን! እዚህ እኮ ድሮ ጋራዥ ነበር። ያቺ ጥግ ባትሪ የሚፈቱባት ነበረች።»

ያቺ ጥግ የሰላጣዋ ጥግ ናት።

የዚያን ዕለት ማታ ሰላጣ አልበላንም። በማግሥቱም አልበላንም። እዚህ የምጽፈው ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን፣ ሰው የጠየቅኩትንና በራሴ ጓሮ የሞከርኩትን ነው። ጓሮ ላላችሁ፣ በረንዳ ላይ በጆንያ ለምትተክሉ፣ ጎመን ከገበያ ብቻ ለምትገዙም ይሆናል።

ምኑ ነው የሚያስፈራው?

እዚህ ከባድ ብረት የምንለው በዋናነት እርሳስን፣ ካድሚየምን፣ ክሮሚየምን፣ አርሴኒክንና ባዜቃን ነው። እርሳስ ስል ልጆች የሚጽፉበትን አይደለም፤ የዚያ ውስጡ ግራፋይት ነው፣ ስሙን ብቻ ነው የተዋሰው። እኔ የምለው የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን፣ ድሮ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረውን፣ አንዳንድ ቀለም ውስጥም የሚገኘውን ነው። ሊድ የሚባለውን።

እነዚህ ነገሮች እንደ ጀርም በእሳት አይሞቱም። ብትቀቅሏቸው፣ ብትጠብሷቸው፣ መሬቱን አሥር ዓመት ጦም ብታሳድሩት እዚያው ናቸው። የአትክልቱ መልክም አይነግራችሁም። ዚንክና መዳብ ሲበዙ መጀመሪያ ተክሉን ራሱን ያቀጭጩታል፣ ቢጫ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ትነቃላችሁ። ካድሚየም ግን ተክሉ ፍክት ብሎ እያደገ ለሰው በማይሆን መጠን ቅጠሉ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። የኔ ጎመን ጃንጥላ ማከሉ ለዚህ ነው ምንም ያልመሰከረልኝ።

ጉዳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። እርሳስ በተለይ የትንንሽ ልጆችን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም «እስከዚህ ድረስ ችግር የለውም» የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል። ካድሚየም ደግሞ ኩላሊት ውስጥ ይገባና ከ10 እስከ 30 ዓመት ድረስ ግማሹ እንኳ አይወጣም። ጃፓን ውስጥ ጂንዙ የሚባል ወንዝ ዳር የሆነውን ያነበበ ሰው ይህን አይረሳም። ከላይ ካለ የማዕድን ማውጫ ካድሚየም ወደ ወንዙ ይገባል፣ ገበሬው በዚያ ውኃ ሩዝ ያለማል፣ ሰው ሩዙን ለዓመታት ይበላል። በኋላ አጥንታቸው በትንሽ እንቅስቃሴ የሚሰበር፣ በተለይ ጠና ያሉ ሴቶች በዙ። በሽታውን «ኢታይ ኢታይ» አሉት። «ያማል፣ ያማል» ማለት ነው። የጃፓን መንግሥት ምክንያቱ ካድሚየም መሆኑን በይፋ የተቀበለው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህን የነገርኳችሁ ጓሯችሁን ጥላችሁ እንድትሸሹ አይደለም። አብዛኛው ጓሮ ደህና ነው። ደህና ያልሆነውም ቢሆን መላ አለው።

ብረቱ አፋችን የሚደርሰው በየት በኩል ነው?

እዚህች ጋ ትንሽ ቆዩልኝ፣ የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው የሚወጣው። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በሥር በኩል ነው፤ ተክሉ ውኃ ሲጠጣ ብረቱንም አብሮ ይጠጣል። ሁለተኛው በአቧራ በኩል ነው፤ አፈሩ ራሱ ቅጠሉ ላይ፣ እጃችን ላይ፣ ጫማችን ላይ ተለጥፎ ቤት ይገባል።

እርሳስ ሰነፍ ነው። አፈሩ ላይ ይጣበቃል፣ ሥር ቢገባም እዚያው ይቀራል፣ ወደ ቅጠልና ወደ ፍሬ መውጣት ብዙም አይሆንለትም። ሰላጣችሁ ላይ እርሳስ ከተገኘ አብዛኛው ዝናብ ሲመታው የተፈናጠረ አፈር ነው። ይህ ማለት በደንብ ማጠብ ለእርሳስ በጣም ይረዳል ማለት ነው። ካድሚየም ግን ቀልጣፋ ነው፤ ከውኃው ጋር ሽቅብ ወጥቶ ቅጠሉ ውስጥ ይቀመጣል። ውስጥ የገባን ነገር ደግሞ በምን ታጥቡታላችሁ? ክሮሚየም ስሙ ከቆዳ ፋብሪካ ጋር ስለሚነሳ ሁሉም ይፈራዋል፣ ቆዳ ማልፊያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥር ላይ የሚቀረው ዓይነት ነው። አደገኛው ሌላው ዓይነት ነው፣ ክሮሚየም ስድስት የሚሉት፤ እሱ ይንቀሳቀሳል፣ ካንሰርም ያመጣል።

አፈር ሳይታወቅ ምግብ ውስጥ ይገባል ስል የማጋንን ከመሰላችሁ ጤፍን አስቡት። ጤፍ ብረት (ለደም የሚያስፈልገው፣ አይረን የሚባለው) የበዛበት እህል ነው ብለን እንኮራለን አይደል? ተመራማሪዎች በደንብ አጥበው ሲለኩት ከብረቱ ጥሩ ድርሻ ያለው የአውድማው አፈር ሆኖ አገኙት። በሬ መሬት ላይ ሲያበራየው የተቀላቀለ ማለት ነው። ያ ብረት ክፉ አይደለም። መንገዱ ግን ያው ነው።

ከዶማው በፊት ሰፈሩን ጠይቁ

ላቦራቶሪ ከመሄዳችሁ በፊት ነጻ የሆነ ምርመራ አለ። ሰፈሩ ውስጥ ረጅም ዓመት የኖሩትን ሰዎች ቡና ጋብዙና «እዚህ ግቢ ድሮ ምን ነበር?» በሉ። እኔ ይህን ቀድሜ ባደርግ ኖሮ ሁለት ወር ባልለፋሁ። ጆሯችሁን ማቆም ያለባችሁ ጋራዥ፣ ባትሪ ቤት፣ ብየዳ፣ የመኪና ቀለም ቀቢ፣ ቁራሌው ዕቃ የሚያከማችበት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ እያቃጠሉ መዳብ የሚያወጡበት፣ አሮጌ ማተሚያ ቤት (የድሮ ፊደላት እኮ ከእርሳስ ነበር የሚቀለጡት)፣ የቆሻሻ ማቃጠያ ቦታ የሚሉትን ስትሰሙ ነው።

ቀጥሎ ዓይናችሁን ተጠቀሙ። ግድግዳው የተላላጠ አሮጌ ቀለም አለው? ከሥሩ ያለው አፈር ላይ፣ በተለይ የጣራው ጠፈጠፍ የሚወርድበት መስመር ላይ፣ የቀለም ቅርፊት ይኖራል። ኢትዮጵያ ቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ ወደ 90 ሚሊግራም በኪሎ የሚገድብ ደንብ ያወጣችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ቤት ሁሉ ቢጠረጠር አይፈረድም። ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር፣ ቢቻል ሁለት ሜትር ራቁ። ያቺን ቦታ ለአበባ ስጧት።

ትልቅ መንገድ ዳር ናችሁ? እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች የጠፋው በ2006 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ለአሥርተ ዓመታት ከጭስ ማውጫ የወጣው ግን መንገድ ዳር ያለው አፈር ላይ ተኝቷል። ዛሬም የጎማና የፍሬን ብናኝ አለ። ከአስፋልቱ 10 ሜትር መራቅ ጥሩ ነው። የማይቻል ከሆነ በአጥሩ በኩል ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ትከሉ፣ አቧራውን ያዝ ያደርገዋል። ቅጠላ ቅጠሉን ደግሞ ከቤቱ በስተጀርባ አድርጉት።

ሌላው የተጫነ አፈር ነው። ሰው ጓሮ ሲያበጅ አንድ ሲኖ ጥቁር አፈር ያዝዛል። ሾፌሩን ከየት እንደቆፈረው ጠይቁት። «ከወንዝ ዳር ነው፣ ደለል ነው፣ ምርጥ ነው» ካላችሁ፣ ወንዙም ከተማውን አቋርጦ የሚሄድ ከሆነ፣ አመስግናችሁ ሸኙት። የቆሻሻ መጣያ አካባቢ የተቆፈረም አይሆንም፣ ጠቁሮና ለምቶ ቢታይም። መጥቆሩ ከምን እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

ናሙና እንዲህ ይወሰዳል

ታሪኩ ካጠራጠራችሁ ወደ ላቦራቶሪ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ በዚህ አንድ ዙር ገንዘብ አቃጥያለሁ። ተራው የአፈር ምርመራ ለምነትን ነው የሚያየው፤ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም ብሎ ይጽፍላችኋል። ከባድ ብረት በስሙ ካልጠየቃችሁ አይለካም። «እርሳስና ካድሚየም፣ ፒኤቹንም» በሉ፤ ፒኤች አፈሩ ምን ያህል አሲዳማ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። አቅም ካለ ክሮሚየምና አርሴኒክ ይጨመሩ። ብዙ ጊዜ በየንጥረ ነገሩ ነው የሚያስከፍሉት፣ ስለዚህ ሁሉንም ላስመርምር አትበሉ። ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ያሉ የኬሚስትሪና የአካባቢ ሳይንስ ክፍሎች፣ የአፈርና የጂኦሎጂ ላቦራቶሪዎች መሣሪያው ይኖራቸዋል፤ «አቶሚክ አብዞርፕሽን አላችሁ?» ብላችሁ ደውሉ።

አወሳሰዱ ቀላል ነው። ጓሮውን በታሪኩ ከፋፍሉት። የኔ ለምሳሌ የባትሪዋ ጥግ ለብቻ፣ ግድግዳው ሥር ለብቻ፣ መሃሉ ለብቻ ነው። ሁሉን ደባልቃችሁ አንድ ናሙና ካደረጋችሁ መጥፎዋ ጥግ በደህናው አፈር ትሸፈናለች፣ ያልሆነ እፎይታ ታገኛላችሁ። በእያንዳንዱ ክፍል ከአምስት እስከ አሥር ቦታ ላይ፣ ላዩን ሣርና ቅጠል ጠርጋችሁ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ድረስ ቆፍራችሁ ትንሽ ትንሽ አፈር አውጡ። ልጆች ከሚጫወቱበት ቦታ ከሆነ ግን ላይኛዋን ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ብቻ ውሰዱ፣ እጃቸው ላይ የምትቀረው እሷ ናት። የላስቲክ ባልዲ ውስጥ ቀላቅሉ። የቆርቆሮ ባልዲ አይሆንም፣ ዚንክ ይለቃል። ድንጋይና ሥር ልቀሙለት፣ ጥላ ላይ ንጹሕ ወረቀት ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ከዚያ ግማሽ ኪሎ ያህል ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ የቦታውን ስም ጻፉበት። እኔ «ሀ» እና «ለ» ብዬ ጽፌ የትኛው የት እንደነበረ ጠፍቶኝ እንደገና ቆፍሬያለሁ።

ቁጥሩ ሲመጣስ?

ወረቀቱ ላይ «ሚሊግራም በኪሎግራም» የሚል ታያላችሁ። ምንም ያልነካው አፈር ውስጥ በተፈጥሮ ከ10 እስከ 50 የሚሆን እርሳስ ይኖራል፣ አትደንግጡ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ለመኖሪያ ቤት አፈር ይጠቀምበት የነበረውን 400 የሚል መነሻ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ወደ 200 አውርዶታል። እኔ በራሴ ጓሮ የምመራበት እንዲህ ነው፦ ከ100 በታች ከሆነ የፈለግሁትን እተክላለሁ፣ እጥባለሁ፣ እበላለሁ። ከ100 እስከ 200 ከሆነ ፍሬ የሚሰጡትን ብቻ። ከዚያ በላይ ከሆነ መሬቱ ውስጥ ምግብ አልተክልም፣ አፈሩንም እሸፍነዋለሁ። ጥንቃቄ አበዛህ የሚለኝ አለ። ቤት ውስጥ ልጅ አለ፣ ምን ላድርግ?

ካድሚየም በሌላ ሚዛን ነው የሚታየው። ንጹሕ አፈር ላይ ብዙ ጊዜ ከ1 በታች ነው። 2 እና 3 ካያችሁ «ትንሽ ናት» ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ከእርሳስ ጋር አታነጻጽሩት። እዚያ ላይ ሰላጣና ቆስጣ አይተከልም።

የኔ ውጤት ሲመጣ እማማ ልክ ነበሩ። የባትሪዋ ጥግ ላይ ያለው እርሳስ ከመሃሉ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቀሪው ጓሮ ግን ደህና ነበር። ልብ በሉ፣ በአንድ ጓሮ ውስጥ፣ ስምንት እርምጃ ርቀት ላይ።

ምን የት ይተከል?

ደንቡ አጭር ነው። ፍሬው ደህና፣ ሥሩ መካከለኛ፣ ቅጠሉ አስጊ።

ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዱባ፣ ዝኩኒ፣ ፎሶሊያ፣ በቆሎ፣ ፍራፍሬ ሁሉ ብረቱን ወደ ፍሬያቸው እምብዛም አያስገቡም። ጥርጣሬ ያለበት መሬት ላይ ምግብ መትከል ግድ ከሆነ እነዚህን ምረጡ። ቲማቲሙን እንጨት አቁማችሁ እሰሩት፣ ታችኛው ፍሬ አፈር እንዳይነካ። ዱባው ሥር ገለባ ጎዝጉዙለት።

ሥራ ሥሮች ላይ ነገሩ ይደባለቃል። ድንች ላይ እርሳሱ ባብዛኛው ልጣጩ ላይ ነው፣ ወፈር አድርጎ መላጥ ይረዳል። በልጣጩ የሚቀቀል ድንች የምትወዱ፣ ከዚህ አፈር ላይ አይሁን። ካሮት ግን ቢላጥም መሃሉ ድረስ ሊይዝ ስለሚችል እኔ ከዝርዝሬ አውጥቼዋለሁ። ቀይ ሥርም እንደዚሁ።

ቅጠላ ቅጠሉ ነው ችግሩ፤ እኛ ደግሞ በጾም ቅጠል በል ሕዝብ ነን። ሰላጣ፣ ቆስጣና ስፒናች ካድሚየም ይወዳሉ። ከ20 ዓመት በፊት ጀምሮ የአዲስ አበባ አትክልት ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን የበለጠ ብረት እንደሚይዙ አሳይተዋል። ጥቅል ጎመን ከቅጠሎቹ ሁሉ ሻል ይላል፤ ተጠቅልሎ ስለሚያድግ አቧራውም ላዩን ነው የሚቀረው፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ገፍፎ መጣል ነው። በሶብላና ጤና አዳም በትንሹ ስለምንጠቀምባቸው ያን ያህል አያሳስቡኝም፣ ግን እነሱን ዕቃ ውስጥ መትከል ምን ያስቸግራል?

ቅጠል የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ከመሬት ለዩት። አንዱ መንገድ ከፍ ያለ መደብ መሥራት ነው፦ ታች ላይ ጥቅጥቅ ያለ የማዳበሪያ ከረጢት ቀዳዳ ቀዳዳ አድርጋችሁ ዘርጉ፣ ዙሪያውን በብሎኬት ወይ በድንጋይ ክበቡ፣ ከ30 ሳንቲሜትር ያላነሰ ታሪኩ የሚታወቅ አፈርና ኮምፖስት ሙሉበት። ሌላው ርካሹ ጆንያ ነው፤ አንድ ጆንያ ላይ አናቱንም ጎኑንም ቀዳድቶ ቤተሰብ የሚያጠግብ ጎመን ይወጣል። ዕቃ ስትመርጡ ግን የቀለም ባልዲ፣ ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን፣ የባትሪ ቀፎ፣ ቀለም የተቀባ አሮጌ ጣውላ ይቅርባችሁ። ጎማ ላይ መትከል ፋሽን ሆኗል፤ ጎማ ሲሠራ ዚንክ ይገባበታል፣ ሌላ አማራጭ እያለ እኔ ለምግብ አልጠቀምበትም። አበባ ያምርበታል።

ዶሮ የምታረቡም ስሙኝ። የሌማት ትሩፋት ከተባለ ወዲህ ጓሮው ሁሉ ዶሮ ነው፣ ደስ ይላል። ዶሮ ግን አፈር ጭራ ነው የምትበላው፤ አፈሩ ላይ ያለው እርሳስ ወደ እንቁላሉ ይገባል። መጥፎዋን ጥግ አጥሩባት፣ መኖዋንም በሳህን ስጧት።

አፈሩን ማከም

ብረቱን ማውጣት ከባድ ነው፣ ማሰር ግን ይቻላል። የሚያስረው ዋናው ነገር የአፈሩ ጠባይ ነው። አሲዳማ አፈር ላይ ካድሚየምም እርሳስም ይፈታሉ፣ ወደ ሥር ይሄዳሉ። ፒኤቹ ከ6.5 እስከ 7 ሲሆን ይያዛሉ። ደጋ ላይ ያለው ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ አሲዳማ ነው፣ ኖራ ይፈልጋል። እንደ አቃቂ አካባቢ ያለው መረሬ ግን በተፈጥሮው ወደ መሃል የተጠጋ ነው፣ ጭቃነቱም ብረት አጥብቆ ይይዛል። ያ ጭቃ እግር ሲይዝ የምንረግመው፣ እዚህ ጋ ባለውለታ ነው።

ፒኤች ካላስለካችሁ በቤት ውስጥ መገመት ይቻላል። ሁለት ማንኪያ አፈር ሳህን ላይ አድርጉና አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ ከፈላ ኖራማ ነው። ሌላ ሁለት ማንኪያ በንጹሕ ውኃ አርጥቡና ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት፤ ከፈላ አሲዳማ ነው። በሁለቱም ዝም ካለ መሃል አካባቢ ነው። ሻካራ ምርመራ ናት፣ ብረት አለ የለም አትነግራችሁም።

አሲዳማ ከሆነ የእርሻ ኖራ በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም ነስንሳችሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት፣ ከመትከላችሁ ወር ሁለት ወር ቀድማችሁ። የምድጃ አመድም በትንሹ ይሆናል፣ አንድ ሁለት እፍኝ በካሬ፣ ንጹሕ እንጨት ከነደደበት ከሆነ ብቻ። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ላስቲክ፣ ካርቶንና ቆሻሻ የነደደበት አመድ ራሱ የብረት ምንጭ ነው።

ከዚያ ኮምፖስት። አምስት ስድስት ሳንቲሜትር ውፍረት አልብሳችሁ አንድ ዶማ ጥልቀት ቀላቅሉ፣ በየዓመቱ። ኮምፖስቱ ብረቱን ይይዛል፣ ያሳሳዋልም። ከየት እንደመጣ ግን እንደ አፈሩ ጠይቁ፤ ከወጥ ቤታችሁ ትራፊ የተሠራ ይሻላል፣ ባትሪና ብልቃጥ ከተቀላቀለበት የከተማ ቆሻሻ የተሠራው ይቅር። የከብት ፍግና የአጥንት ዱቄት ፎስፌት አላቸው፣ ፎስፌት እርሳስን አጥብቆ ያስራል። ችግራችሁ አርሴኒክ ከሆነ ግን ተቃራኒ ነው፣ ፎስፌትም ኖራም ሲበዙ ያስለቅቁታል። ለዚህ ነው ሳይለኩ መጨመር የማልወደው።

በመጨረሻም አፈሩን ራቁቱን አትተዉት። ሣር፣ ገለባ፣ የቡና ገለፈት፣ የተገኘውን አልብሱት። በበጋ አቧራው አይነሳም፣ በክረምት ዝናቡ አያፈናጥረውም።

ውኃው

አዲስ አበባን ለሁለት ከፍለው የሚወርዱት ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከእንጦጦና ከዙሪያው ተራሮች ንጹሕ ሆነው ነው የሚነሱት። ከተማውን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ሐይቅ እስኪደርሱ የፋብሪካውን፣ የጋራዡን፣ የቤቱን ሁሉ ፍሳሽ ይሰበስባሉ፤ ከዚያም አዋሽ ይገባሉ። በዚያ ውኃ ከተማውን የሚመግቡ አትክልቶች ይለማሉ። ገበሬው ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ውኃውን ያበላሸው ግን እሱ አይደለም፣ ሌላም ውኃ የለውም። ለጓሯችሁ የቧንቧ ወይ የጣራ ውኃ ተጠቀሙ። የጣራ ከሆነ የመጀመሪያውን ዝናብ ልቀቁት፣ የበጋውን አቧራ ሁሉ አጥቦ ነው የሚወርደው።

ከገበያ ስትገዙ

«የየት ነው?» ማለት ልመዱ። ሁልጊዜ እውነቱን አትሰሙም፣ ሻጯም ላታውቀው ትችላለች። ስለዚህ ዋናው መላ ማፈራረቅ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከአንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት ቅጠል ብቻ አትግዙ። ዛሬ ቆስጣ ከሆነ ነገ ፎሶሊያ፣ ከነገ ወዲያ ዱባ። በዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ ቅጠላ ቅጠል ላይ የሚፈቀደው ጣሪያ ለእርሳስ 0.3፣ ለካድሚየም 0.2 ሚሊግራም በኪሎ ነው። ያንን በዓይን መለየት አይቻልም፣ ማፈራረቅ ግን አንዱ መጥፎ ቢሆን እንኳ ድርሻውን ያሳንሰዋል።

ቤት ሲገባ ደግሞ ቅጠሉን በሙሉ አንድ ሳፋ ውስጥ ነክሮ ማውጣት ማጠብ አይደለም። አንድ በአንድ፣ ጀርባውንም፣ በሚወርድ ውኃ። ውኃ በፈረቃ ለሆነባችሁ ሦስት ሳፋ አሰልፉና ከአንዱ ወደ አንዱ አሻግሩት፤ የመጨረሻው ሳፋ ታች አሸዋ ከታየ እንደገና። ትንሽ አቼቶ ጠብ ማድረግ አቧራውን ያላቅቀዋል። ውጫዊውን አሮጌ ቅጠል ጣሉት።

ልጆች ካሉ

ትንንሽ ልጆች እርሳስ የሚያገኛቸው ከጎመኑ ይልቅ ከእጃቸው ነው። አፈር ነክተው እጃቸውን አፋቸው ያስገባሉ፣ የገባውንም ከአዋቂ ይልቅ ብዙ ይመጥጣሉ። ጫማ በር ላይ ይውለቅ። ከጓሮ ሲገቡ እጅ ይታጠቡ። ወለሉን ከመጥረግ በርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል። አይረንና ካልሲየም ያነሰው ሰውነት እርሳስን በብዛት ስለሚቀበል ምስር፣ ወተት፣ እንቁላል አይጓደልባቸው። ታሪኩ የሚያሰጋ ግቢ ውስጥ ዓመት ሁለት ዓመት የኖረ ልጅ ካላችሁ ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁ የደም እርሳስ ምርመራ ጠይቁ፤ ምልክት እስኪያሳይ አትጠብቁ፣ ብዙ ጊዜ አያሳይም።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች በጓሯችሁ ጎመንና በሶብላ እንደምትተክሉ አውቃለሁ። ቤታችሁ ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ከሆነ የእርሳስ ቀለም ሊኖረው ይችላል፣ የታገደው በዚያ ዓመት ነው። ለእናንተ ምርመራው ቀላል ነው፤ የክፍለ ግዛታችሁ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ቢሮ ጠይቁ፣ ናሙናው በፖስታ ይሄዳል።

ብረቱን በተክል መምጠጥስ?

ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሱፍና ሰናፍጭ ብረት ይመጥጣሉ፣ እውነት ነው። የሚገርመው የኛው የአበሻ ጎመን ራሱ ለዚሁ ሥራ የሚጠና ተክል ነው፤ መልካም የመምጠጥ ችሎታ አለው ሲሉ ሳይንቲስቶቹ ደስ ይላቸዋል፣ እኔ ግን ምሳዬን እያሰብኩ ነው የምሰማው። ችግሩ ጊዜው ነው። እርሳስ ላይ ለማጽዳት ብዙ አሥርተ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ለመሞከር ካሰባችሁም ያ ተክል አይበላም፣ ለከብት አይሰጥም፣ ኮምፖስት ውስጥ አይገባም፣ አይቃጠልም። ለጓሮ የሚሆነው ነገር መሸፈን ነው።

የባትሪዋን ጥግ እኔ ያደረግኳት እንዲህ ነው። ላዩን ውኃ አርከፍክፌ ሳይቦን ኖራና ኮምፖስት ቀላቀልኩበት፣ የማዳበሪያ ከረጢት አነጠፍኩ፣ ጠጠር አለበስኩት። ጠጠሩ ላይ አምስት ጆንያ አቆምኩ፣ አፈሩ ከዘመድ ማሳ የመጣ ነው። ሁለቱ ላይ ዱባ አለ፣ ሐረጉ አጥሩን ይዞ ወጥቷል። ባለፈው እማማ ለቡና መጥተው አንድ ዱባ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ተቀበሉ፣ አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ «ከየቷ ጥግ ነው?» አሉኝ። ጆንያውን አሳየኋቸው። ይዘው ሄዱ።